ሕንፃ ቁጥር 20 እና የእኛ ላቦራቶሪ

ሰው ስለ አንድ ሕንፃ ሲፈርድ ብዙውን ጊዜ የሚፈርደው በዓይኑ ነው። ድንጋዩ የተጠረበ፣ መስተዋቱ የሚያብረቀርቅ፣ ደረጃው ሰፊ ከሆነ «ቤትስ እንዲህ ነው» ይላል፤ ጣራው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው እንጨት ከሆነ ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ያልፋል። ለእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ይህ ፍርድ ያስኬድ ይሆናል። የሳይንስ ትምህርትና ምርምር ለሚካሄድበት ቤት ግን ይህ ሚዛን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። የማምንበትንም ምክንያት በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ለመምህራኖቻችን፣ ለወላጆቻችንና ለትምህርት ጓደኞቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ማስረጃ አድርጌ የማቀርበው ስም እንኳ ያልወጣለትን፣ በቁጥር ብቻ ሲጠራ የኖረ አንድ ቤት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኬምብሪጅ ከተማ፣ በአጭሩ ኤም አይ ቲ ተብሎ የሚጠራ የታወቀ የቴክኖሎጂ ተቋም አለ። በዚያ ግቢ ሕንፃዎች የሚታወቁት ከስማቸው ይልቅ በቁጥራቸው ነው። ሕንፃ ቁጥር 20 የተሠራው በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነበር። በዚያን ጊዜ «የጨረር ላቦራቶሪ» የተባለው ክፍል ራዳርን ለማሻሻል ሌት ተቀን ይሠራ ነበር። ራዳር ማለት የሬዲዮ ሞገድ ልኮ፣ ሞገዱ ከአውሮፕላን ወይም ከመርከብ ላይ ተመትቶ ሲመለስ እየተቀበለ፣ ጠላት በጨለማና በጉም ውስጥ እንኳ የት እንዳለ የሚያስታውቅ መሣሪያ ነው። ሥራው እየሰፋ፣ ሠራተኛውም በሺህ እየተቆጠረ ስለሄደ ቦታ ጠበበ። ብረት ለጦርነቱ ስለሚያስፈልግ አዲሱ ቤት በእንጨት እንዲሠራ ሆነ፤ ፕላኑ በጥድፊያ ተነደፈ፤ ባለ ሦስት ፎቅ ሆኖም በአጭር ጊዜ ውስጥ ቆመ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ እንዲፈርስ ታስቦ ነበር።

ጦርነቱ ያለቀው በ1945 ነው። ቤቱ የፈረሰው ግን በ1998 ነው። ለጥቂት ጊዜ ብቻ የተሠራው ቤት 55 ዓመት ኖረ ማለት ነው። በእኛም አገር «ለጊዜው» ተብሎ የተመታ ቆርቆሮ ስንት ዘመን እንደሚኖር የማያውቅ ስለሌለ፣ ይህን የሚያነብ ሁሉ በነገሩ ብዙ የሚገረም አይመስለኝም። የሚያስገርመው ቤቱ መቆየቱ ሳይሆን በቆየበት ዘመን ውስጥ የተሠራበት ሥራ ነው።

አስቀድሜ ጉድለቱን ልናገር። በበጋ ያቃጥል ነበር፤ በክረምት ይበርድ ነበር። ወለሉ ሰው በተራመደበት ቁጥር ይንቋቋል፤ ጣራው ያፈሳል፤ ኮሪደሩ ረጅምና ጨለም ያለ ነበር። ክንፎቹ በፊደል ቢሰየሙም የፊደሉ ተራ ከቦታው ተራ ጋር ስለማይስማማ፣ አዲስ መጪ ቀርቶ ለዓመታት የሠራበትም ሰው መንገዱን ይስት ነበር ይባላል። ሰዎቹ በቀልድ «የኮምፔንሳቶ ቤተ መንግሥት» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። መቼም በዚህ ቤት ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት የሚያምረው ሰው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ቤቱ አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው። ማንም አያዝንለትም ነበር። ነገ ይፈርሳል ለተባለ ቤት «ግድግዳውን እንዳትበሱ፣ ቀለሙን እንዳታበላሹ» የሚል ተቆጣጣሪ አይቆምም። ተመራማሪው ሽቦ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለማሳለፍ ሲፈልግ ማመልከቻ ጽፎ የኮሚቴ ስብሰባ አይጠብቅም፤ መሰርሰሪያውን አንሥቶ ግድግዳውን ይበሳል። ክፍሉ ከጠበበው መከለያውን በመጋዝ ይቆርጣል። መስኮቱንም ራሱ ይከፍታል፤ ራሱ ይዘጋል። ወለሉ ደግሞ ከባድ መሣሪያ እንዲችል ሆኖ ስለተሠራ፣ ቤቱ መልኩ ደካማ ይምሰል እንጂ ጉልበቱ የዋዛ አልነበረም።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ምሳሌ የፕሮፌሰር ጀሮልድ ዛካሪያስ ነገር ነው። ዛካሪያስ በ1950ዎቹ የአቶም ሰዓት ለመሥራት ይደክም ነበር። የሲዚየም አቶሞች የሚያወጡትና የሚቀበሉት ሞገድ ንዝረቱ የማይዛነፍ ስለሆነ፣ ያንን በመቁጠር ከማናቸውም ፔንዱለም የበለጠ ትክክለኛ ሰዓት ማግኘት ይቻላል። ሰውየው አቶሞቹን እንደ ፏፏቴ ውኃ ወደ ላይ ቢወረውራቸውና ተመልሰው ሲወርዱ ቢጠብቃቸው፣ ለመለካት የሚያገኘው ጊዜ እንደሚረዝም አሰበ። ለዚህም የሦስት ፎቅ ቁመት ያለው የብረት ሲሊንደር መትከል አስፈለገው። ምን አደረገ? ከበላዩ ያሉትን ሁለት ወለሎች አስነሥቶ ሲሊንደሩን አቆመ። በሌላ ሕንፃ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚፈቅድለት ማን ነው?

እዚህ ላይ አንባቢው ሙከራው ተሳካ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። አልተሳካም። ዝግ ብለው የሚወጡት አቶሞች በፈጣኖቹ እየተገፉ ከመንገዳቸው ስለሚወጡ የሚፈለገው ምልክት አልተገኘም። ነገር ግን ይኸው ሰው በዚያው ዘመን የደከመበት ሌላው፣ አጠር ያለው የሲዚየም ሰዓት ሠመረለትና በ1956 ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የአቶም ሰዓት ሆነ። የፏፏቴውም አሳብ ቢሆን ከንቱ ሆኖ አልቀረም፤ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ አቶሞችን በሌዘር ብርሃን ማቀዝቀዝ ሲቻል ሌሎች ሊቃውንት ሥራ ላይ አዋሉት። ስለዚህ የዚያ ቤት ጥቅም ለተሳካ ሙከራ ቦታ መስጠቱ ብቻ አልነበረም። ላልተሳካውም ሙከራ ወለሉን አንሥቶ ቦታ ሰጥቷል። ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል፤ ስሕተት የማይፈቀድበት ቤት ውስጥ ከመጽሐፉ የሚያልፍ ነገር አይገኝምና።

ሁለተኛው የቤቱ ጠባይ ጎረቤትነቱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሕንፃ ቁጥር 20 የተጠለሉት ሌላ ቦታ ያልተገኘላቸው፣ አዲስ የተቋቋሙ፣ ወይም ከየትኛውም የትምህርት ክፍል ጋር በደንብ የማይገጥሙ ሥራዎች ነበሩ። ኖአም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌ የቋንቋን ሥነ ሥርዓት የሚመረምረውን ትምህርት በአዲስ መንገድ የመሠረቱት በዚያ በእንጨት ቤት ውስጥ ነው። በመሐንዲሶች ተቋም ውስጥ የሰዋስው ሊቃውንት ምን ይሠራሉ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ «ክፍል ስለተገኘላቸው» የሚል ይሆናል። ጄሮም ሌትቪን የተባለው ተመራማሪ እዚያው በእንቁራሪት ላይ ምርምር ያደርግ ነበር። እርሱና ጓደኞቹ በ1959 ባወጡት ጽሑፍ፣ የእንቁራሪት ዓይን ያየውን ሁሉ እንዳለ ወደ አንጎል እንደማያስተላልፍ፣ ይልቁንም እንደ ዝንብ ያለ ትንሽና ተንቀሳቃሽ ነገርን ለይቶ እንደሚያመለክት አሳዩ። የድምፅ ላቦራቶሪም ነበር፤ አማር ቦዝ የተባለው ተማሪ ወደዚያ ጎራ እያለ ስለ ድምፅ ማጉያ መመራመር ጀመረና በ1964 በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ። ተማሪዎችም በ1946 የመሠረቱት የአሻንጉሊት ባቡር ክበብ እዚያው ቤት ውስጥ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ኖሯል። የባቡሩን ሐዲድ የሚያቀያይረውን ማብሪያና ማጥፊያ ከስልክ ዕቃዎች ሲገጣጥሙ የነበሩት ልጆች፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኮምፒዩተር እጃቸው ሲገባ ቀድመው ከተራቀቁበት ሰዎች መካከል ሆኑ።

እነዚህን ሰዎች አንድ ላይ ያደረጋቸው ዕቅድ አልነበረም። ፎቆቹ ጥቂት፣ ኮሪደሮቹ ረጃጅም ስለነበሩ አንዱ ወደ ቢሮው ሲሄድ በሌላው በር ማለፍ ግዴታው ነበር። መንገድ የጠፋው ሰው መንገድ ይጠይቃል፤ መንገድ የጠየቀ ሰው «አንተስ ምን ትሠራለህ?» መባሉ አይቀርም። በዚህ ሁኔታ የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ከሰዋስው ሊቁ፣ የድምፁ ተመራማሪ ከእንቁራሪቱ ተመራማሪ ጋር ይተዋወቅ ነበር። እኛ ቡና ስናፈላ ጎረቤት የምንጠራው ለቡናው ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ፣ በዚያም ቤት ጨዋታው የሥራው አንድ ክፍል ነበር።

ሕንፃ ቁጥር 20 ከፈረሰ በኋላ በቦታው ላይ የስታታ ማዕከል የተባለ ታላቅ ሕንፃ ተሠርቶ በ2004 ተከፈተ። ፕላኑን ያወጣው ስመ ጥሩው አርክቴክት ፍራንክ ጌሪ ነው። ግድግዳዎቹ ያዘነበሉ፣ ማማዎቹ እርስ በርሳቸው የተደገፉ የሚመስሉ ናቸው፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። የሰዎችን መገናኘት ለማበረታታት ሲባልም ሰፊ የውስጥ መንገድ ተሠርቶለታል፤ ይህ አሳብ የተወረሰው ከአሮጌው ቤት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሆኖም ተቋሙ በ2007 ሕንፃው ያፈሳል፣ ይሰነጠቃል በማለት አርክቴክቱንና ሥራ ተቋራጩን ከሰሰ፤ ጉዳዩም በ2010 በስምምነት አለቀ። አሮጌውም ቤት ያፈስ ነበር፤ አዲሱም አፈሰሰ። ልዩነቱ፣ በአሮጌው ቤት የሚያፈሰው ጣራ ከባልዲ በቀር ሌላ ነገር አላስፈለገውም፤ በአዲሱ ግን ጠበቃ አስፈለገ።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ታዲያ ድህነት ጥሩ ነው ልትለን ነውን? ልጆቻችን በሚያፈስ ቤት ይማሩ ልትል ነውን?» ቢለኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ፣ አይደለም የሚል ነው። የሚበርደው ክፍልና የሚያፈሰው ጣራ ሳይንስን አልወለዱም። ይህንንም በሌላ ቤት ምሳሌ ላስረዳ። በእንግሊዝ አገር፣ በዚያኛው ኬምብሪጅ፣ በ1874 የተከፈተ ካቨንዲሽ የሚባል ላቦራቶሪ አለ። ይህኛው በድንጋይ ተገንብቶ በሩ ላይ ከዳዊት መዝሙር የተወሰደ ቃል በላቲን የተቀረጸበት የተከበረ ሕንፃ ነው። ታላቁ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት የሌሎችን ዩኒቨርሲቲዎች ላቦራቶሪዎች ተዘዋውሮ ተመለከተ፤ መሣሪያ የሚቀመጥባቸው ጠረጴዛዎች ሰው ሲራመድ እንዳይነቃነቁ፣ የማግኔት መለኪያም በአካባቢው ባለ ብረት እንዳይሳሳት አስቀድሞ አሰበበት። በዚያ ላቦራቶሪ ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን፣ ጄምስ ቻድዊክ በ1932 ኒውትሮንን አገኙ፤ ዋትሰንና ክሪክም በ1953 የዲ ኤን ኤን ቅርፅ የደረሱበት እዚያው ሲሠሩ ነው። ላቦራቶሪው ከቦታው ወደ ከተማው ምዕራብ የተዛወረው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1974 ነው።

የካቨንዲሽም ሰዎች ቢሆኑ ቤታቸውን ይዳፈሩት ነበር። ፒዮትር ካፒትሳ የተባለው የሩሲያ ተወላጅ ለጠንካራ ማግኔት ምርምሩ በ1933 በግቢው ውስጥ ሕንፃ ሲሠራለት፣ ኤሪክ ጊል የተባለውን ቀራጭ ጠርቶ በግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ አዞ አስቀረጸ። «አዞ» ካፒትሳ ለአለቃው ለኧርነስት ራዘርፎርድ ያወጣለት የቅጽል ስም ነበር። ስለ ስሙ ትርጉም የሚባለው ልዩ ልዩ ነው። እኔ ግን ከዚህ ነገር የምረዳው፣ በአለቃው ስም እየቀለደ ግድግዳ ላይ የሚያስቀርጽ ሰው ቤቱን የራሱ ቤት አድርጎ እንደሚቆጥረው ነው።

ስለዚህ የእንጨቱንም ሆነ የድንጋዩን ቤት ፍሬያማ ያደረገው አንድ ነገር ነው። ሁለቱም በውስጣቸው ለሚሠራው ሰው ታዘዋል። በካቨንዲሽ የሚሠራበት ሰው አስቀድሞ ተጠየቀ፤ በሕንፃ ቁጥር 20 ደግሞ የሚሠራበት ሰው ከዚያ በኋላ እንዳሻው እንዲለውጠው ተፈቀደለት። ሁለቱም ካልተደረጉ ግን ሕንፃው የቱንም ያህል ቢያምር ከውጭ ሲያዩት ደስ ይላል እንጂ ውስጡን ለቄስ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። ትምህርት ቤታችን አዲስ የሳይንስ ሕንፃ ለመሥራት እንዳሰበና ወላጆችም ገንዘብ ለማዋጣት እንደተስማሙ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ለዚህም ወላጆቻችንን ከልብ እናመሰግናለን። ነገር ግን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አየሁት። ከመንገድ በኩል የሚታየው ፊቱ በሙሉ መስተዋት ነው፤ መግቢያው አዕማድ አለው። ስለ ሕንፃው ሲወራ የምሰማውም ይበልጡን ስለ መልኩ ነው። የውኃው ቧንቧ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚደርስ፣ ስንት ሶኬት እንደሚኖር፣ ስንት ተማሪ በአንድ ማይክሮስኮፕ ላይ እንደሚሠራ ሲነገር አልሰማሁም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን ባለን ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፖች አሉ፤ ቢሬትና ፒፔት አለ፤ ፕሪዝም አለ። አብዛኛዎቹ ያሉት ግን በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነው። ጎብኚ ሲመጣ ይወለወላሉ፤ ጎብኚው ሲሄድ ተመልሰው ይቆለፋሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የአሲድና የቤዝን ነገር የተማርነው ይበልጡን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ቁልፉ የተቆለፈው በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የተሰበረ ዕቃ ከኃላፊው ደመወዝ ላይ የሚታሰብ ከሆነ፣ ኃላፊው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ቢያኖረው የሚፈረድበት አይደለም። ጥፋቱ የደንቡ ነው።

ትልልቅ ሰዎች በዚህ ላይ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይሉ ይሆናል። ምሳሌው እውነት ነው። ነገር ግን በልጅነቱ ያላቦካ ሰው ካደገ በኋላም ማቡካት አያውቅም። የእኛ ሙከራ ለእራት እንዲበቃ አይደለም የምንጠይቀው፤ እጃችን ሊጡን እንዲያውቀው ነው። በርግጥ አደገኛ የሆኑ አሲዶችና መርዞች መቆለፍ አለባቸው፤ መምህር በሌለበትም እሳት መለኮስ አይገባም። ፕሪዝምና ማይክሮስኮፕ ግን መርዝ አይደሉም።

ስለዚህ የሕንፃው ፕላን ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉት ነገሮች እንዲታሰብባቸው በትሕትና እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የሳይንስ መምህራን፣ የላቦራቶሪው ረዳትና ጥቂት ተማሪዎች ከመሐንዲሱ ጋር ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ይደረግ፤ ማክስዌልን የሚያህል ሊቅ እንኳ አስቀድሞ ተዘዋውሮ ጠይቋል። ሁለተኛ፣ ለፊቱ መስተዋት ከታሰበው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ለቧንቧ፣ ለሶኬትና ለጠንካራ ጠረጴዛ ይዋል። ሦስተኛ፣ የፊዚክሱን፣ የኬሚስትሪውንና የባዮሎጂውን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ሁሉ የግድ በብሎኬት የሚሠራ ካልሆነ፣ ሊነሣ የሚችል መከለያ ይሁን፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚመጣ ማንም አያውቅምና። አራተኛ፣ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ የተበላሸ ሬዲዮ የሚፈቱበት፣ መጋዝ የሚያነሡበት፣ ጠረጴዛው ቢቧጠጥ ማንም የማይቆጣበት አንድ ክፍል ይኑር። ይህ ክፍል በሕንፃው ጓሮ በኩል ቢሆንና ጣራው ቆርቆሮ ቢሆን አንከፋም። አምስተኛ፣ በየዓመቱ ለሚሰበር ዕቃ ጥቂት ገንዘብ ይመደብ፤ ዕቃው ሲሰበር ተመዝግቦ እንዲተካ እንጂ ከሰው ደመወዝ እንዳይቆረጥ ይሁን።

በመጨረሻ ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ቃል አለኝ። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን፤ በአዲሱ ቤት የምትማሩት እናንተ ናችሁ። ሕንፃው ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። በማግስቱ ግን ወደ መምህራችሁ ቀርባችሁ ቁም ሣጥኑ እንዲከፈትላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። አንድ ጊዜ እንቢ ብትባሉ ሁለተኛ ጠይቁ፤ ዕቃውን ስትጨርሱ አጥባችሁና ወልውላችሁ ወደ ቦታው በመመለስም የታመናችሁ መሆናችሁን አስመስክሩ።